ፍቅረኛሞችን ያኳረፈው ፊልም፦ «አጥፋው!»... «ቆይ እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!»

ሁለቱ ከተጫጩ ገና አራት ወራቸው ነው። ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ፈንድሻው ቀርቦ፣ መብራቱ ጠፍቶ ፊልም ሊያዩ ተቀመጡ። «የምታውቂው ዓይነት ሆረር አይደለም» ብሏታል አስቀድሞ። እሷ ደሞ ሆረር የምትፈራ ልጅ አይደለችም። እንዲያውም ጓደኞቿ ዓይናቸውን ሲሸፍኑ የምትስቅባቸው እሷ ናት። ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን «በናትህ አጥፋው!» አለችው። «ትንሽ ቆይ፣ ሊያልቅ ነው። መጨረሻው ነው ዋናው» አላት። ሁለቴ ለመነችው፣ ሦስቴ ለመነችው። በመጨረሻ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም።

እሱን ብትጠይቁት «ፊልም እኮ ነው! ደሙ ቀለም ነው፣ ቆዳው ፕላስቲክ ነው። ይሄ ምኑ ያስኮርፋል?» ይላችኋል። እሷ ደግሞ «ያስኮረፈኝ ፊልሙ አይደለም፤ እየለመንኩት አለማጥፋቱ ነው» ትላለች።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ! ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የፊልሙን ነገር ስሙ። ምክንያቱም ይህ ፊልም ያጣላው እነዚህን ሁለት ልጆች ብቻ አይደለም። የገዛ አገሩን ሰዎችም አጣልቷል። እኔንም ብትጠይቁኝ ከራሴ ጋር አጣልቶኛል።

ሚኒስትር ድረስ የደረሰ ፊልም

የፊልሙ ስም በፈረንሳይኛ «ማርቲር» ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ማርተርስ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «ሰማዕታት» ማለት ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ፓስካል ሎዢዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ገንዘቡ የፈረንሳይና የካናዳ፣ ቀረጻው ሞንትሪያል ነው። ሰውዬው ጽሑፉን ሲጽፍ በከባድ ድብርት ውስጥ እንደነበረ በቃለ ምልልሶቹ ተናግሯል። ፊልሙን ያየ ሰው ይሄን ሲሰማ ብዙም አይገርመውም።

እንዲህ ያለው ነገር ከሰማይ ዱብ ያለ እንዳይመስላችሁ። ስለ ፈረንሳይ ፊልም ሲነሣ ካፌ ተቀምጦ ሲጋራ እያጨሰ ስለ ፍቅር የሚፈላሰፍ ሰው ነው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው። ከ2000 ወዲህ ግን አንዳንድ ወጣት የፈረንሳይ ዳይሬክተሮች ሌላ መንገድ ያዙ። በ2003 «ኦት ታንስዮን»፣ በ2007 ደግሞ «አ ላንቴሪየር» እና «ፍሮንቲየር» ወጡ። ሁሉም ደም በደም ናቸው። አንድ የፊልም ሐያሲ በ2004 ይህን አዝማሚያ «አዲሱ የፈረንሳዮች ጽንፈኝነት» ብሎ ጠራው። ሊነቅፍ ያወጣው ስም ነበር፤ ተመልካቹ ግን ወደደውና ዛሬ እንደ ማስታወቂያ ሆኖ ይጠቀሳል።

«ማርቲር» የመጣው በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሲሆን ከሁሉም ባሰ። ፈረንሳይ አገር ፊልሞችን በዕድሜ የሚመድበው ኮሚሽን «ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው» አለ። ይህ ለፊልም ነጋዴ ከእገዳ አይተናነስም፤ እንዲህ ያለ ማኅተም ያረፈበትን ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት እንደ ልብ አይገኝምና። የፊልም ባለሙያዎች ጮኹ። የባህል ሚኒስትሯ ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው ጠየቁ። በመጨረሻም ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ 16 ዓመት ዝቅ ተደርጎ ወጣ። አስቡት፤ ሰዎቹ ብዙ ነገር ያዩ ፈረንሳዮች ናቸው!

ሉሲና አና

(መጨረሻውን ሳትሰሙ ፊልሙን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ እዚህ ላይ ገጹን ግለጡ። ኋላ «ነገርከን» የሚል ቅሬታ አልቀበልም።)

ዘመኑ 1971 ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ሰውነቷ ቆስሎ፣ ፀጉሯ ተቆራርጦ፣ ከአንድ የተተወ ቄራ አምልጣ እየጮኸች ስትሮጥ እናያለን። ስሟ እንደኛዋ ድንቅነሽ ሉሲ ነው። ማን አስሮ እንዳሠቃያት አይታወቅም፤ እሷም አትናገርም። ሕፃናት ማሳደጊያ ትገባለች። እዚያ አና የምትባል ልጅ ታገኛለች። ከማንም ጋር የማትነጋገረው ሉሲ ከአና ጋር ትግባባለች። ሌሊት ሌሊት ግን አንዲት ከሲታ፣ ገላዋ በቁስል የተበላ ሴት እየመጣች ሉሲን ትተለትላታለች። ያቺን ሴት ከሉሲ በቀር የሚያያት የለም።

15 ዓመት ያልፋል። ቀኑ እሑድ፣ ጊዜው ጠዋት። አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ቁርስ ላይ ሆነው ስለ ትምህርት ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። የማናችንም ቤት ሊሆን የሚችል ቤት ነው። በሩ ይደወላል። አባትየው ይከፍታል። ሉሲ ናት፤ ጠመንጃ ይዛለች።

አራቱንም ትገድላቸዋለች፤ ልጆቹን ጭምር። ፎቶአቸውን ጋዜጣ ላይ አይታ «ያሠቃዩኝ እነዚህ ናቸው» ብላ ነው የመጣችው። ከዚያ ለአና ደወለች። አና መጣች። ደሙን አጠበች፣ አስከሬን ጎተተች። እንዲያም እያደረገች አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «እርግጠኛ ነሽ እነሱ ናቸው?»

እኔ ይሄን ፊልም «ቆሻሻ ነው» ከሚሉት ጋር መስማማት ያቃተኝ እዚህ ቦታ ላይ ነው። አና ጓደኛዋን ትወዳታለች። ለሷ ስትል የማታደርገው ነገር የለም። ግን አታምናትም! እናትየዋ ገና እስትንፋስ እንዳላት ስታውቅ ከሉሲ ደብቃ ልታስመልጣት ትሞክራለች። ሉሲ ይሄን ስታይ ከቁስሏ ሁሉ በላይ የሚያማት ምኑ እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል። «አንቺም እብድ ነች ነው የምትይኝ» የሚል ፊት ነው።

ሌሊት ሌሊት የምትመጣው ሴትዮ ምን እንደሆነች በኋላ ይገባናል። ሉሲ ትንሽ ልጅ ሆና ስታመልጥ ሌላ የታሰረች ሴት «ፍቺኝ» ብላ ለምናት ነበር። ልጅ ነበረችና ፈርታ ጥላት ሮጠች። ያቺ ሴት ናት በሐሳቧ እየመጣች የምትተለትላት። ምላጩን የያዘው የሉሲ የራሷ እጅ ነው። ቤተሰቡን ስትገድል ሴትዮዋ «ተበቀልሽልኝ» ብላ የምትተዋት መስሏት ነበር። አልተወቻትም። ሉሲ የገዛ አንገቷን ቆርጣ ትሞታለች።

ከሞተች በኋላ ነው አና እዚያው ቤት ውስጥ ወደ ምድር ቤት የሚወስድ የተደበቀ መግቢያ የምታገኘው። ሉሲ እውነቷን ነበር!

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንዲት ጓደኛችሁ ከስንት ዓመት በኋላ «ልጅ ሆኜ እንትና እንዲህ አድርጎኝ ነበር» ብትላችሁ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? «እርግጠኛ ነሽ?» «ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» «እሱ እኮ ጨዋ ሰው ነው፣ ሚስትና ልጆች አሉት!» ፊልሙ ያንን ጨዋ ቤተሰብ ቁርስ ላይ አስቀምጦ አሳየን። እኛም ወደድናቸው፤ ስለ ልጅቷ ተጠራጠርን። ከዚያ ወለሉን ከፈተልን። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ሌላ ድምፅ አለው።

ይህን ስል ሉሲ ጻድቅ ናት ማለቴ አይደለም። ልጆቹ ምን አጠፉ? ወንድየውን ከመተኮሷ በፊት ዕድሜውን ትጠይቀዋለች፤ ወላጆቹ ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ ያውቅ እንደሆነም ትጠይቀዋለች። መልሱን ግን አትጠብቅም። ፊልሙም «ደግ አደረገች» አይለንም።

ከምድር ቤቱ በኋላ

እስከዚህ ድረስ ከባድ ቢሆንም የሚታይ ፊልም ነው። እጮኛይቱ ቦርሳዋን ያነሣችው ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

አና ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ታገኛለች፤ ራሷና ዓይኗ ላይ ብረት በምስማር ተመትቶባታል። አውጥታ ታጥባታለች፣ ብረቱን ትነቅልላታለች። ወዲያው ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ። ሴቲቱን ተኩሰው ይገድሏታል፤ አናን ይይዟታል። ራሷን ጠምጥማ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ «ማድሟዜል» የሚሏት አሮጊት ትመጣና ነገሩን ታስረዳታለች። ሰዎቹ ሀብታም ሽማግሌዎች ናቸው። ማወቅ የሚፈልጉት ከሞት በኋላ ምን እንዳለ ነው። ሰው እስከ መጨረሻው ቢሠቃይ፣ ሳይሞት፣ ወዲያኛውን ዓለም የሚያይበት አፍታ አለ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ወጣት ሴቶችን እየያዙ ያንን አፍታ ይጠብቃሉ። ለምን ወጣት ሴቶች? «ለዚህ የሚመቹት እነሱ ሆነው ስለተገኙ» ትላለች አሮጊቷ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ።

ከዚያ ድብደባ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ድብደባ ብቻ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ይገባል፣ ይደበድባታል፣ ይወጣል። አንዲት ሴት ትገባለች፣ አጥሚት የመሰለ ነገር በማንኪያ ታጎርሳታለች፣ ትወጣለች። ስክሪኑ ይጨልማል። እንደገና ይበራል። ሰውየው ይገባል። አይቆጣም፣ አይሳደብም፣ አይስቅም። የመንግሥት ሠራተኛ ፊርማ ፈርሞ ሥራ እንደሚጀምር ነው የሚጀምረው። አና መጮህ ታቆማለች። የሞተችው ሉሲ ድምፅ ይሰማታል፤ ተይው፣ አትፍሪ ይላታል። በመጨረሻ ከፊቷ በቀር ቆዳዋን ይገፍፏታል።

እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። አንደኛው ልቤ እንዲህ ይላል፦ ይሄ ዳይሬክተር ቢያንስ አልዋሸም። ስንት የአሜሪካ ፊልም አለ፣ ገዳዩ ቀልደኛ፣ ሟቿ ቆንጆ፣ ሞቱ የሚያስጨበጭብ! እዚህ ማንም አያጨበጭብም። ማሠቃየት አስቀያሚም አሰልቺም መሆኑን ልክ እንደሆነው አሳየ። ሁለተኛው ልቤ ደግሞ፦ እሺ፣ ገባኝ፤ በሁለት ደቂቃ ገብቶኝ ነበር። ቀሪው ለማን ነው? አሮጊቷ «ወጣት ሴቶች ይመቹናል» ስትል ክፉ መሆኗን እናያለን። ግን ካሜራውን የደቀነውስ ማነው? እሱም የመረጠው ወጣት ሴቶችን አይደለም እንዴ? በሰዎቹ አፍ የኮነነውን ነገር በገዛ እጁ ሠራው የሚል ሰው ቢመጣ የምመልስለት ነገር የለኝም። እኔም ከማየት አላቆምኩም፤ ሽማግሌዎቹም የተሰበሰቡት ለማየት ነው።

ሰማዕት ማለት ምን ማለት ነው?

ፊልሙ የሚያልቀው በጽሑፍ ነው። «ማርቲር» የሚለው ቃል ከግሪክኛ መምጣቱንና ትርጉሙም «ምስክር» መሆኑን ይነግረናል። ለፈረንሳይ ተመልካች ይሄ አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ሰው ግን ግእዙን ካወቀ አይደነቅም። «ሰማዕት» «ሰምዐ» ከሚለው ነው የወጣው፤ የሰማ፣ የመሰከረ ማለት ነው። «ስምዕ» ራሱ ምስክርነት ነው።

ታዲያ አንድ ወዳጄ «የጊዮርጊስን ገድል እየሰማህ አድገህ በዚህ ፊልም ትደነግጣለህ እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው። ገድሉ ላይ ሰባት ዓመት ተሠቃየ፣ ተፈጨ፣ አመድ ሆኖ ተበተነ ይባላል። ሕፃን ሆነን ነው ይሄን የሰማነው። ማታም እንቅልፋችንን ተኝተናል።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጊዮርጊስን «ካድና እንተውህ» ይሉታል። እሱ እምቢ ይላል። ምስክርነቱ ያ እምቢታ ነው፤ ሥቃዩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። አናን ግን ማንም ምንም አልጠየቃትም። የምትክደው ነገር የላትም፣ «እምቢ» የምትልበት ቦታም የላትም። ሰዎቹ ነገሩን ገለበጡት፤ መጀመሪያ አሠቃይተው ኋላ ምስክር ሊያደርጓት ነው። በግርፋት የወጣ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ ለኛ አገር ሰው አይነገርም።

ወንዶቹ ለምን ያሳዩናል?

ወደ ልጆቹ ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ወጣት ወንድና ሴት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አስፈሪ ፊልም እንዲያዩ ተደረገ። ከሁለቱ አንደኛው ግን ከአጥኚዎቹ ጋር የተስማማ ነው፤ ይፈራል ወይም ደፋር ይሆናል። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወንዱ ፊልሙን በጣም የወደደው አጠገቡ ያለችው ሴት ስትፈራ ነው። ሴቷ የወደደችው ደግሞ አጠገቧ ያለው ወንድ የማይፈራ ሲሆን ነው። እንግዲህ በአሮጌው የቪዲዮ ቤት ዘመንም ሆነ ዛሬ ወንዶች ለምን ሆረር እንደሚጋብዙ ነገሩ ተፈታ! ትደነግጣለች፣ ትጠጋለች፣ እሱም ጀግና ይሆናል።

«ማርቲር» ግን ለዚህ ጨዋታ አይሆንም። ድንገት ብድግ ብሎ የሚያስደነግጥ ፊልም ሰውነትን ይቀሰቅስና ይለቃል፤ ያኔ ነው ሳቁም መተቃቀፉም የሚመጣው። ይሄ ግን አይለቅም። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሴት ልጅ ወንድ አጠገብ ተቀምጣ ወንድ ሴትን ሲደበድብ ነው የምታየው። አጠገቧ ያለው ደግሞ «ቆይ፣ ሊያልቅ ነው» ይላታል። ልጄ፣ እንኳን ልትጠጋህ!

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ልጁ ፊልሙን በመውደዱ አላጠፋም፤ የሚወደድ ነገር አለው። ያጠፋው «አጥፋው» ስትለው ነው። ያ ቃል ስለ ፊልሙ የተሰጠ አስተያየት አልነበረም። እምቢ ማለት ነበር። እምቢታ ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀሪውን ብቻውን ሊያይ ይችል ነበር፤ ፊልሙ የትም አይሄድም። ልጅቷም ብትሆን ሁለት ሳምንት ከምትዘጋው «እንዲህ ተሰማኝ» ብትለው ይሻል ነበር።

ደሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አጠገባችሁ ያለችው ልጅ (ወይም ያለው ልጅ!) በሕይወቷ ምን እንዳለፈ አታውቁም። ቤት ውስጥ ዱላ እያየች ያደገች፣ ወይም ያላወራችው ነገር ያለባት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለውን ፊልም «ሰርፕራይዝ» ብሎ መክፈት ነውር ነው። «ሴት ልጅ የሚያሠቃዩበት ፊልም ነው፣ ታይዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? አንዳንዷ «ኧረ ክፈተው» ትላለች። አንዳንዷም «ሌላ የለህም?» ትላለች።

አይታችሁት እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ በሌሊት አትዩት፣ ካያችሁም ወዲያው አትተኙ። ከአንድ ሰው ጋር አውሩት። ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልምም አለ። ያንን ቆዳ የሠሩት የሜካፕ ባለሙያዎች ናቸው። ማጣበቂያውንና ቀለሙን ማየት ብዙ ሰው ያረጋጋል። ሳምንታት አልፈውም የማይለቃችሁ ከሆነ፣ ወይም የራሳችሁን የቆየ ቁስል ከቀሰቀሰባችሁ ግን ነገሩ የፊልም አይደለምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂዱ።

አሮጊቷ ምን ሰማች?

ፊልሙን አይተው ያልተጣሉትም የሚከራከሩበት ይሄ ነው። አና አልሞተችም። ዓይኗ ወዲያኛውን የሚያይ ይመስላል። ማድሟዜል ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ አፏ ትሰጣለች፤ አና ታንሾካሹካለች። እኛ አንሰማም። ሽማግሌዎቹ በውድ መኪናዎቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ቃሉን ሊሰሙ። አሮጊቷ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ሜካፗን ታስለቅቃለች። ረዳቷ ከበር ውጭ ሆኖ የተነገራት ነገር ግልጽ እንደነበር ይጠይቃታል። ግልጽ ነበር ትላለች። ከሞት በኋላ ያለውን እሱ መገመት ይችል እንደሆነ ትጠይቀዋለች። አልችልም ይላል። እንዲጠራጠር ትነግረውና በሽጉጥ ራሷን ትገድላለች።

«የሰማችው ውብ ነገር ነው፤ ቶሎ ልትሄድበት ቸኮለች» የሚሉ አሉ። «ምንም የለም ነው ያለቻት፤ ያን ሁሉ ሰው በከንቱ ማሠቃየቷን አወቀች» የሚሉም አሉ። እኔ ሦስተኛውን እወዳለሁ፦ አና እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የቀራት ነገር ቢኖር ምላሷ ብቻ ነበር፤ በሱ የፈለገችውን ተናገረች። እውነት ይሁን ውሸት አሮጊቷ ማጣራት የምትችልበት መንገድ የላትም። አሁን ተራው የሷ ነው፤ አምናም አላምንም ብላ የምትጨነቀው እሷ ናት።

አሜሪካኖች በ2015 ፊልሙን አለሳልሰው ደግመው ሠሩት። ብዙም አልተወደደላቸውም።